ቪዮላዋ ስትመልሰው

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ቅዳሜ ማታ እዚሁ ፓሪስ የሰማሁት ሙዚቃ ከጆሮዬ አልወጣ ስላለ ስለ እርሱ ላውራችሁ።

መድረኩ ላይ አራት ወንበሮች ብቻ ነበሩ፤ ለሁለት ቫዮሊን፣ ከቫዮሊን ተለቅና ድምፅዋ ወፈር ለምትል ለአንድ ቪዮላ፣ ከሁሉም ለሚተልቀው ለአንድ ቼሎ። በትር ይዞ የሚመራቸው ሰው የለም። የመጀመሪያዋ ቫዮሊን ተጫዋች ትንፋሽ ስትስብ ሦስቱም አብረዋት ይስባሉ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስለተቀመጥኩ ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር።

የሦስት ፈረንሳውያን የሙዚቃ ደራሲዎች፣ የዴቡሲ፣ የዱቲዩ እና የራቬል ሥራዎች ቀረቡ። ሦስቱም ለአራት ባለአውታር መሣሪያዎች በሕይወት ዘመናቸው የጻፉት አንድ አንድ ኳርቴት ብቻ ነው። የዴቡሲ እ.ኤ.አ. በ1893 እዚህ ፓሪስ ሲቀርብ ሰውየው 31 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ 24 ዓመት ኖሮ ሁለተኛ አልጻፈም።

ከጥርት ያለ ቅርፅ ይልቅ ብርሃንና ድባብ ከሚስሉ ሠዓሊዎች የተወሰደውን ኢምፕረሽኒስት የሚለውን ስም ዴቡሲ ራሱ አይወደውም ነበር፤ እኔም ሁለተኛውን ክፍል ስሰማ እፈርድለታለሁ። ሰዎች ስለ ጭጋግና ስለ ውኃ ያወራሉ። ይህ ግን በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ነው! ተጫዋቾቹ ደጋኑን ትተው ክሩን በጣታቸው ይቆነጥሩታል። በዚያ መሐል ቪዮላዋ አንድ አጭር ዜማ ይዛ ትገባለች፤ ደጋግማ፣ ደጋግማ። የት ነው የማውቀው አልኩ። ለካ የመጀመሪያው ክፍል መክፈቻ ነው! ያ ቆፍጠን ያለ ዜማ ልብሱን ቀይሮ፣ እርምጃውን አፍጥኖ ተመልሷል።

እናቴ ምስር ስትለቅም የምታንጎራጉረው ዜማ ነበራት፤ ቃል የሌለው። ካረፈች ወዲህ ላስታውሰው ስሞክር እምቢ ይለኛል። ሳልጠራው ግን የሜትሮ ደረጃ ስወርድ ይመጣል፤ ፍጥነቱ ሌላ፣ መጨረሻው ሌላ። እየረሳሁት ነው ብዬ ስንት ጊዜ አዝኛለሁ! ቅዳሜ ማታ ቪዮላዋን ስሰማ ያ ሐዘን ቀለለልኝ።

የዱቲዩ ሥራ ስሙ «ሌሊቱም እንዲህ» እንደ ማለት ነው፤ በ1976 የተጠናቀቀ። ከዓመታት በፊት በቅጂ ሰምቼው ከግማሽ ላይ አጥፍቼዋለሁ፤ ዜማ የሌለው መስሎኝ ነበር። አዳራሽ ውስጥ ግን ሌላ ነው። ሰባት ክፍል አለው፤ በአንዳንዶቹ መካከል ዱቲዩ «ቅንፍ» ያላቸው አጫጭር ምንባቦች አሉ። ገና ያልመጣ ሐሳብ በጨረፍታ ይታይና ይጠፋል፤ በኋላ ሙሉ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ቀድሞ የምታውቁት ይመስላችኋል። የመጨረሻው ክፍል ስም «የተንጠለጠለ ጊዜ» ነው። ድምፁ ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም፤ ደጋኖቹ አየር ላይ ቆዩ፤ እኔም እስትንፋሴን ይዤ ቆየሁ።

ከዕረፍት በኋላ ራቬል ቀረበ። በ1903 በ28 ዓመቱ የጨረሰው ነው፤ ለመምህሩ ለጋብርኤል ፎሬ የተበረከተ። እጅግ ያምራል፤ ልቤ ግን ገና ከዱቲዩ ሌሊት አልወጣም ነበር።

እንግዲህ የምትሰሙ ከሆነ በዴቡሲ ጀምሩ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ቪዮላዋን ብቻ ተከተሉ። ዱቲዩን ደግሞ ለሌሊት አቆዩት፤ መብራት አጥፍታችሁ፣ ስልካችሁን ሌላ ክፍል ትታችሁ። 18 ደቂቃ ያህል ነው። ደኅና እደሩ።