ለማየት ብቻ፦ ከደሴ እስከ ኪቩ ሐይቅ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ ሩዋንዳ ላወራችሁ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ወሎ ውስጥ «እገሊት ውጭ ልትሄድ ነው» ሲባል ሁላችንም የሚገባን አንድ ነገር ነው። ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤሩት። ደላላ፣ ምርመራ፣ ኮንትራት፣ የእናት እንባ። ከዚያ ውጭ ደግሞ ሐጅ አለ፣ ዑምራ አለ፣ ኢየሩሳሌም መሳለም አለ። ሌላ ዓይነት ጉዞ ብዙም አናውቅም። እኔ የእቁብ ብሬን አውጥቼ ሩዋንዳ ልሄድ ነው ስል፣ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። «ምን ልትሠሪ?» አገር ለማየት። «እና ከዚያስ?» ከዚያማ እመለሳለሁ።

እናቴ «አላህ በሰላም ይመልስሽ» ብላ መረቀችኝ። ታላቅ እህቴ ግን መጀመሪያ ዝም አለች። እሷ ጅዳ ነው ያለችው፤ በኢሞ ነው የምናወራው። ትንሽ ቆይታ ምን አለች መሰላችሁ? «እኔ ባሕሩ ዳር ያለ ከተማ ስኖር ባሕሩን የማየው በመኪና መስኮት ነው። ሰዎቹ ሲዝናኑ ልጆቻቸውን እይዛለሁ። አንቺ ሂጂና በደንብ አድርገሽ እይ።» ያን ቀን ሳስበው አደርኩ። ለማየት መሄድ እንደ ቅንጦት የሚቆጠረው ለማን ነው? ለእኛ ለምን አይፈቀድም?

ሩዋንዳን የመረጥኩት ቅርብ ስለሆነች ነው። ከአዲስ አበባ ኪጋሊ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ ከዚያ በብዙ ይረዝማል። ለእኛ ለአፍሪካውያን ቪዛውም አያስቸግርም። ግን ዋናው ምክንያቴ ሌላ ነው። ስለ ሩዋንዳ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የዘር ጭፍጨፋውን። ጎረምሳውንም ሽማግሌውንም ጠይቁ፣ ሩዋንዳ ስትሉ ከዚያ ሌላ የሚመጣለት ነገር የለም። እኛስ? የውጭ ሰው ወሎን የሚያውቃት በምንድን ነው? በ1977 ረሃብ ነው። በዚያን ጊዜ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ በነበረችው በኮረም በተነሣው ምስል ነው። እኔ በዚያ ምስል መታወቅ ይከብደኛል። ከዚያ በኋላ የተወለድን አለን፤ የምንስቅ፣ የምንዘፍን፣ የምንኳል አለን። እንግዲህ ለእኔ አገር የምመኘውን ዓይን ለሌላ አገር ልስጥ ብዬ ነው የሄድኩት።

ኪጋሊ ብዙ አልቆየሁም። ንጹሕ ከተማ ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው ስለሚለው አልደግመውም። የፕላስቲክ ከረጢት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ክልክል ነው። ሞተር ሳይክል ስትሳፈሩ ሹፌሩ ለእናንተም የራስ ቁር ይሰጣችኋል፤ ሳታደርጉ አይንቀሳቀስም። ይልቅ የወደድኩት ኡሙጋንዳ የሚሉትን ነው። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ሱቅ ይዘጋል፣ መኪና ይቀንሳል፣ ሰው ከየሰፈሩ ወጥቶ ቦይ ይጠርጋል፣ ዛፍ ይተክላል፣ መንገድ ይጠግናል። ሥራው ሲያልቅ ቁጭ ብለው ስለ ሰፈራቸው ይነጋገራሉ። እኛም ደቦ አለን፣ ጅጌ አለን። የእኛ ለአዝመራና ለቤት ሥራ ነው። እነሱ ለመንገዱም ለቦዩም አድርገውታል። ይህን እዚህ ደሴ ብናደርገው እንዴት ደስ ባለኝ! ክረምት ሲመጣ ቦዮቻችን እንዴት እንደሚሆኑ እናንተም ታውቃላችሁ።

ከኪጋሊ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኪቩ ሐይቅ በአውቶቡስ ሄድኩ። ኛቡጎጎ ከሚባለው መነኸሪያ ነው የሚነሣው። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ሲደርስ መኪናው ወጣ። ሳይሞላም ይወጣል! ከዚያ ኮረብታ ይጀምራል። አንዱን ስትወጡ ሌላው ይመጣል፤ ሩዋንዳን የሺህ ኮረብታዎች ምድር የሚሏት ለካ እውነት ነው። ከታች እስከ ጫፍ እርከን ነው፤ ሙዝ፣ ባቄላ፣ ሻይ፣ ድንች። አንዲት መዳፍ የምታህል መሬት ጾሟን አታድርም። እኔ ከተራራ አገር ነኝ፤ ከሐርቡ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን ዳገት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የእኛ ተራራ ይከብዳል፣ ገደሉ ያስፈራል፣ ግርማ አለው። የእነሱ ለስላሳ ነው፣ ክብ ነው። ሁለቱንም ወደድኳቸው፤ አላበላልጣቸውም።

ኪቩ ዳር ካሮንጊ የምትባል ከተማ ናት ያረፍኩት፤ የቀድሞ ስሟ ኪቡዬ ነው። ሐይቁ ትልቅ ነው፣ ማዶው ኮንጎ ነው። ጥልቀቱ 480 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከሥሩ የታመቀ ጋዝ አለ፤ ሚቴን። ይህ ጋዝ ድንገት ቢፈነዳ ለዙሪያው ሰው አደጋ ነው። እነሱ ምን አደረጉ? ጋዙን ከሥር እየሳቡ የኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጩበታል። ካሮንጊ አጠገብ ያለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ 26 ሜጋዋት ያመነጫል። ማታ አምፖሌን ሳበራ ይህ መብራት ከዚያ ውኃ ሥር ነው የመጣው እያልኩ እደነቅ ነበር።

አመሻሽ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ይወጣሉ። ሦስት ጀልባ ጎን ለጎን በረጅም እንጨት ያስራሉ፤ እንጨቶቹ ከፊትና ከኋላ እንደ ቀንድ ወጥተዋል። ይቀዝፋሉ፣ እየቀዘፉ ይዘፍናሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ቃሉ አይገባኝም፤ ዜማው ግን ገባኝ። እኛ እኮ ከዜማ አገር ነን። አምባሰል ያልነው የእኛ ተራራ ነው፣ ባቲ ያልነው የእኛ ገበያ ነው፤ ቅኝቱ በአገራችን ስም ይጠራል። የሰው ድምፅ ውኃ ላይ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ግን ያን ማታ ነው የሰማሁት። ሲጨልም ፋኖሳቸውን ያበራሉ፣ ዓሣው ብርሃኑን ብሎ ይመጣል። ሳምባዛ ይሉታል፤ ጣት የማይሞላ ትንሽ ዓሣ ነው። ተጠብሶ ከእነ ራሱ ይበላል።

አሁን ስለ ቡናው ልንገራችሁ። ጀበናዬንና ስኒዎቼን በልብስ ጠቅልዬ ይዤ ነበር የሄድኩት፤ ጥሬ ቡናና ትንሽ ዕጣንም። ሩዋንዳ ቡና ታመርታለች፣ በጣም ጥሩ ቡና ነው፤ ግን አብዛኛው ወደ ውጭ ነው የሚሄደው። ገጠሩ ሰው ሻይና ወተት ነው የሚወደው። ያረፍኩበትን ቤት የምታስተዳድረው እናት በደረስኩ ቀን አንድ ትልቅ ብርጭቆ እርጎ ይዛ መጣች፤ ኢኪቩጉቶ ይሉታል። እርጎ ብቻ የሚሸጥባቸው ቤቶች በየከተማው አሉ፤ ወንዱም ሴቱም ቁጭ ብሎ ይጠጣል። ቤቷ እንደገባሁ መንገዱ እንዴት ነበር አለችኝ፣ ቤተሰብሽ ደህና ናቸው አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ክፍሉ ያወራነው። አያቴ ትዝ አለችኝ። እሷም እንግዳ ሲመጣ ጉዳዩን ቀድማ አትጠይቅም።

በማግስቱ ከሰል አስመጣሁና በረንዳው ላይ ቡና አፈላሁ። ቆላሁት፣ ጢሱን አዞርኩላቸው። እንግዲህ ጎረቤት መጣ፣ የጎረቤት ጎረቤት መጣ። ስኒ አልበቃ አለ፤ በተራ ጠጣን። አቦል ከጠጡ በኋላ ሊነሡ ሲሉ «ኧረ ቁጭ በሉ፣ ገና ነው» አልኳቸው። ቶና፣ ከዚያ በረካ። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ነበሩ፤ ኢትዮጵያዊ ነሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ ነኝ ስላቸው፣ ከጭፍጨፋው በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪነት የመጡትን የኢትዮጵያ ወታደሮች እንደሚያስታውሷቸው ነገሩኝ። ያኔ ልጅ ነበሩ፤ የሚኖሩት ወደ ደቡብ ምዕራብ ነበር። ወታደሮቹ ምግባቸውን ያካፍሏቸው እንደነበር ሲናገሩ ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው። እኔ ይህን ታሪክ ከቤተሰቤም ከትምህርት ቤትም ሰምቼው አላውቅም። በሰው አገር በረንዳ ላይ፣ የእኔን ቡና እየጠጡ፣ የእኔን አገር ሰዎች አመሰገኑልኝ። በመጨረሻ በእነሱ ወግ መረቁኝ፤ «ላም ይኑርሽ» ነው የሚሉት። አሜን አልኩ።

ላም ካነሣን፣ ኛንዛ ሄጄ የድሮ ነገሥታታቸውን ግቢ አይቻለሁ። የሣር ቤቱን እንደ ጥንቱ አድርገው ሠርተውታል። ከኋላው ኢንያምቦ የሚባሉት ላሞች አሉ። ቀንዳቸው ረጅም ነው፣ ወደ ላይ ይከፈታል። የራያን ሰንጋ ያየ ሰው ቀንድ አይገርመውም ብዬ ነበር፤ ገረመኝ። ጠባቂያቸው ሲዘፍንላቸው ቀንዳቸውን እየነቀነቁ ይመጣሉ። የእኛ ገበሬስ በሬውን በስሙ እየጠራ ያወድስ የለ? በዚያች ሰዓት ከባዕድ አገር የመጣሁ አልመሰለኝም።

በተራራው ፓርክ የሚኖሩትን ጎሪላዎች አላየሁም። መግቢያው ለእኔ ኪስ ውድ ነው። ተራሮቹን ግን ከሙሳንዜ ሆኜ አየኋቸው፤ ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ ካሪሲምቢ ይታያል፣ 4,507 ሜትር ነው። ከፓርኮቹ ገቢ 10 በመቶው በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለውኃ ይውላል። ይህ ነው ትክክለኛው መንገድ ብዬ አምናለሁ። አውሬው እንዲኖር ገበሬው ከአውሬው መጠቀም አለበት።

የጭፍጨፋውን መታሰቢያ ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ኪጋሊ፣ ጊሶዚ የሚባል ኮረብታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994፣ በእኛ በ1986፣ በ100 ቀን ውስጥ ያለቀው ሕዝብ ከ800 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። እዚያ ኮረብታ ላይ ብቻ ከ250 ሺህ በላይ ሰው አርፏል። ስለ ውስጡ ብዙ አላወራም። የሕፃናቱ ክፍል አለ፤ ፎቶ አለ፣ ከሥሩ የልጁ ስም፣ የሚወደው ምግብ፣ የሚወደው ጨዋታ ተጽፏል። እዚያ ስደርስ እግሬ አልሄድ አለ። እኛም በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ያየነውን አይተናል። መከራን አላወዳድርም፤ አይወዳደርም። ግን ከዚያ ስወጣ የውጭው አትክልት ቦታ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አንዲት የማላውቃት ወጣት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ምንም አላለችም። ውኃ ሰጠችኝና እስክነሣ ድረስ አብራኝ ቆየች።

እነሱ ያን አልደበቁትም። መጥተህ እይ ይላሉ። ከዚያ ደግሞ ሐይቁንም እይ፣ ላሞቹንም እይ፣ ጭፈራውንም እይ ይላሉ። እኔ ለወሎ የምመኘው ይህንን ነው። ረሃቡ ታሪካችን ነው፣ ይነገር። ግን የመጣ ሰው ሐይቅ እስጢፋኖስንም ይይ፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ገዳም ነው። ላሊበላን ይይ፣ ከዚያ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ይውጣ። ቦረና ሳይንት ሄዶ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን ይይ። ሰኞ ባቲ ገበያ ይዋል። በነገራችን ላይ እንግዳው ፈረንጅ ብቻ አይሁን። የኮምቦልቻ ልጅ ላሊበላን ሳያይ ለምን ያረጃል? የደሴ ልጅ ጦሳ ተራራ ላይ የሚወጣው ለምን ለእንጨት ብቻ ይሆናል?

ስመለስ እህቴ ደወለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ የዓሣ አጥማጆቹን ቪዲዮ ላኩላት። ደጋግማ እንዳየችው ነገረችኝ። ኮንትራቷ ሲያልቅ ለዐረፋ ትመጣለች፣ ኢንሻአላህ። እንደ ሁልጊዜው ቤት ውስጥ እንግዳ ስታስተናግድ እንድትከርም አልፈቅድም። እናቴንም አስፈቅጃለሁ። ይዣት ሐይቅ እሄዳለሁ፣ በታንኳ እንወጣለን፤ ከዚያ አርዲቦ ሐይቅ፣ ከቻልን ላሊበላ። እሷ ላሊበላን አይታ አታውቅም።

ስለዚህ አንድ ነገር አስቸግራችሁ። ሐይቅ ዳር ቤተሰብ የሚያርፍበት፣ ንጹሕና ዋጋው ደህና የሆነ ማረፊያ የምታውቁ በድምፅም በጽሑፍም ላኩልኝ። ታንኳ የሚቀዝፉ ጎበዞች የምታውቁም እንደዚያው። ኪጋሊ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ጠይቁኝ፤ ስለ አውቶቡሱም፣ ስለ ማረፊያውም የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ደህና ሰንብቱልኝ።