ከሃሪኬን በኋላ ቆሻሻውን ማን ይቆጥራል?

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ቆሻሻ ነው የምናወራው። አዎ፣ ስለ ቆሻሻ። ቆይ ቆይ፣ አትውጡብኝ!

ሃሪኬን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሳው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ ሲመጣ ዓለም ሁሉ ካሜራ ይዞ ይሰለፋል። ዘንባባው ሲጎብጥ እናያለን። ጣሪያው ሲገነጠል እናያለን። ጋዜጠኛው የዝናብ ካፖርት ለብሶ፣ ምሰሶ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ሲያወራ እናያለን። ያንን ሰውዬ ማን ውጣ እንዳለው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዚያ ነፋሱ ይበርዳል፣ ካሜራውም ይሄዳል። የከተማው አስተዳደር ፈተና የሚጀምረው ግን ያኔ ነው። መንገድ ላይ የተከመረውን ማን ያነሳዋል? የት ይወስደዋል? ማን ይከፍላል? ሦስተኛው ላይ ረዘም ያለ ቆይታ ይኖረናል፤ ባለፈው ቪዲዮ ኮመንት ላይ ያፋጃችሁ እሱ ነውና።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ዛሬ የምጠራቸው ቀኖች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው። "ሰባት ዓመት ስተሃል" የሚል እንዳይመጣብኝ።

[ምስል፦ መንገድ ዳር የተደረደሩ ነጭ ፍሪጆች]

ኒው ኦርሊንስ፣ የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ስቴት ከተማ። ኦገስት 29 ቀን 2005። ካትሪና የተባለችው ሃሪኬን ገባች፣ የጎርፍ መከላከያዎቹ ተደረመሱ፣ የከተማዋን 80 በመቶ ውሃ ዋጠው። ይሄን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። እኔ የምፈልገው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ውሃው ሸሽቶ፣ ሰዉ ከሄደበት ሲመለስ።

መብራት የለም። ሙቀቱ የሉዊዚያና ሙቀት ነው። ፍሪጁ ውስጥ ሥጋ አለ፣ ሽሪምፕ አለ፣ ወተት አለ። ሳምንታት አልፈዋል። እስቲ በሩን ክፈቱት! የከፈተ ሰው ሁለተኛ አልከፈተም። ብዙዎቹ ብልጥ ሆኑ። ፍሪጁን በወፍራም ፕላስተር ዙሪያውን ጠቅልለው፣ እየገፉ አውጥተው መንገድ ዳር አቆሙት። ከዚያ ቀለም አንስተው ላዩ ላይ ጻፉበት። ባለሥልጣን የሚሰድብ አለ፣ ዝም ብሎ የሚያላግጥ አለ። ከተማው ሁሉ መንገድ ዳር በቆሙ ፍሪጆች ብሶቱን ይወጣ ጀመር።

አሁን እናንተ የከተማው ጽዳት ኃላፊ ናችሁ እንበል። ፍሪጁን ጭኖ መጣል ነው? አይሆንም። ከጀርባው ባሉት ቱቦዎች ውስጥ የማቀዝቀዣ ጋዝ አለ። ዝም ብሎ ወደ አየር መልቀቅ በሕግ ክልክል ነው፤ ባለሙያ በመሣሪያ ይመጥጠዋል። የበሰበሰውን ምግብ ደግሞ መከላከያ ልብስና ጭምብል የለበሱ ሠራተኞች ይደፉታል። ሥራዬን ጠላሁት የምትሉ ካላችሁ እነሱን አስቡ። ከዚያ ብረቱ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። አንድ ፍሪጅ፣ ሦስት መንገድ። ከተማዋ ውስጥ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፍሪጅ ነበር።

ለምን ይሄ ሁሉ መለየት? እዚህ ላይ የምወዳት ምሳሌ ትምጣልኝ። የሰርግ ማግስት።

የሰርጉን ቀን ተዉት፤ እሱን ፎቶ አንሺው ይዞታል። እኔ የማወራው ማግስቱን ነው። ድንኳኑ እንደተተከለ ነው። ቄጠማው ተረጋግጦ ጭቃ ሆኗል። ግቢው ውስጥ ምን የሌለ ነገር አለ? የእድሩ ወንበር አለ። የጎረቤት ብረት ድስት አለ። የበሬው ቆዳ አለ። አጥንት አለ። የተረፈ እንጀራ አለ። የብርጭቆ ስባሪ አለ። የቢራ ጠርሙስ አለ፣ ኧረ ጠርሙስስ አለ! ሁሉም የየራሱ መሄጃ አለው። ቆዳው ለቆዳ ገዢ። አጥንቱ ለሰፈሩ ውሻ። እንጀራው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ። ድስቱ ለባለቤቲቱ፤ እሷም ብልህ ናት፣ ከቂጡ ላይ ስሟን በቀለም ጽፋበታለች። ስባሪው ለብቻው፣ ልጆች እንዳይረግጡት።

አሁን አንድ ቀልጣፋ ነኝ ባይ አጎት ይነሳል። በየሰርጉ አንድ አይጠፋም። "ምን ያደርጋል ይሄ ሁሉ መለየት፣ ቶሎ እንገላገል" ብሎ ሁሉንም አንድ ጆንያ ውስጥ ይከተዋል። አለቀ። ቆዳው ይገማል፣ እንጀራው ውስጥ ስባሪ ይገባል። የሚሸጠውም፣ የሚበላውም፣ የሚመለሰውም አንድ ላይ ቆሻሻ ሆነ።

ቆይ፣ ምሳሌዬን አልጨረስኩም። ዋናው የቢራ ጠርሙሱ ነው። ቢራውን ስታመጡ ለጠርሙሱና ለሳጥኑ ማስያዣ ከፍላችኋል። ገንዘባችሁ የሚመለሰው ባዶውን ቆጥራችሁ ስታስረክቡ ነው። "ሃምሳ ሳጥን ጠጥተናል፣ ሰፈሩ ይመስክር!" ብትሉ አከፋፋዩ ይስቅባችኋል። የተሰበረውን አይከፍልም። ጎረቤት ለዘይት መያዣ ይዛው የሄደችውንም አይከፍልም። ጠርሙስ አምጣ፣ ብርህን ውሰድ። የእድሩ ንብረት ክፍልም እንደዚያው ነው። ደብተሩን በብብቱ ይዞ ይመጣል። "እንኳን ደስ ያላችሁ" ከማለቱ በፊት ወንበር ይቆጥራል። ይህንን ሰውዬ ያዙልኝ፤ አሁን ይፈለጋል።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ካላችሁ ደግሞ አሁን አድርጉ፤ እኔም እንደ ንብረት ክፍሉ ቁጥር ነው የማየው።

[ምስል፦ በአንድ ረጅም ክሬን ቅርንጫፍ ሲነሳ]

ቴክኒኩን ቶሎ ቶሎ ልበለው፤ መሠረታዊውን ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ መግፋት ነው፤ ማንሳት ገና ነው። አምቡላንስ እንዲያልፍ የወደቀው ዛፍ ወደ ዳር ይገፋል። ከዚያ ነዋሪው ከቤቱ ያወጣውን መንገድ ዳር ለይቶ ይከምራል። ቅርንጫፍ ለብቻ። ጣውላ፣ ጂፕሰም፣ ምንጣፍ ለብቻ። ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ለብቻ። ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ለብቻ። ቀለም፣ ባትሪ፣ የነፍሳት መርዝ ለብቻ። ቅርንጫፉ ጊዜያዊ ማከማቻ ይወሰድና ይፈጫል፤ አራት መኪና የነበረው ወደ አንድ ይወርዳል። ወይም ጉድጓድ ውስጥ በአየር ግፊት ይቃጠልና ጥቂት አመድ ይቀራል። የቤቱ ፍርስራሽ ወደ ቆሻሻ መድፊያ። በቃ፣ ይሄው ነው።

አይ፣ አንድ ነገር ቀረችኝ። መኪናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጭነት ሳጥኑ በሜትር ይለካል፣ ልኩም ጎኑ ላይ ይለጠፋል። ሲጭን ተቆጣጣሪ ትኬት ይቆርጥለታል። ማከማቻው በር ላይ ደግሞ ከእንጨት የተሠራ ማማ አለ። እላዩ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። መኪናው ከሥሩ ይቆማል፣ ሰውየው ቁልቁል ያያል፣ "80 በመቶ ነው የሞላው" ይልና ትኬቱ ላይ ይጽፋል። ሹፌሩ "ኧረ ሙሉ ነው!" ብሎ ይጮሃል። አይሰማም። ቅርንጫፍ ሲጫን ግማሹ አየር መሆኑን ያውቃላ። ክፍያው በዚያች ቁጥር ነው። አያችሁት? የእድሩ ንብረት ክፍል! ማማ ላይ ወጥቶ!

[ምስል፦ የተመልካቾች ኮመንት]

እሺ፣ አሁን ወደ ኮመንታችሁ። ባለፈው አንዱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "የሚያጸዳው ፌማ ነው፣ ከንቲባው ለፎቶ ነው የሚወጣው።" ከሥሩ የተሰጠው ላይክ! አንድ ሁለት ሰው ሊያስረዳ ሞክሮ ተሰደበ። እንግዲህ ለእናንተ ብዬ እዚህ ላይ ልቁም።

ፌማ፣ ማለትም የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ፣ የቆሻሻ መኪና አሰማርቶ መንገድ አይጠርግም። በቆሻሻ ጉዳይ የፌማ ዋና ሥራ ገንዘብ መመለስ ነው። ድጋሚ ልበለው፤ መመለስ። ከተማው ኮንትራክተር ይቀጥራል። ከተማው ይከፍላል። ከዚያ ትኬቱን፣ ፎቶውን፣ ውሉን ሰብስቦ ያቀርባል። ፌዴራሉ ከወጪው ቢያንስ 75 በመቶውን ይመልሳል፤ ቀሪው የስቴቱና የከተማው ዕዳ ነው። አደጋው ሲከፋ ድርሻው ወደ 90፣ ወደ 100 ከፍ ሊል ይችላል። በ2024 ሄለን የተባለችው ሃሪኬን ሰሜን ካሮላይናን ስትመታ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 100 በመቶ ተፈቅዶ ነበር። ስቴቱ ይራዘምልኝ ብሎ ጠየቀ፤ በ2025 አይሆንም ተባለ።

ከዚያ ሌላው መጣ፦ "ታዲያ ኒው ኦርሊንስ ላይ ወታደሩ ነበር እኮ ያጸዳው!" ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው። አቅሙ የማይችል ከተማ በስቴቱ በኩል የፌዴራሉን እጅ መጠየቅ ይችላል። ያኔ የጦሩ መሐንዲሶች ኮር፣ ማለትም የአሜሪካ ጦር የምህንድስና ክፍል፣ ይመደባል። ግን ኮሩም ራሱ አካፋ ይዞ አልወጣም፤ ኮንትራክተር ነው የቀጠረው። ከካትሪና በኋላ ለአራት ትልልቅ ኩባንያዎች እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ለእያንዳንዳቸው ሰጠ። ኩባንያዎቹ ለሌላ ሰጡ፣ ሌላው ለሌላ ሰጠ። በየእጁ ሲያልፍ እየተቆነጠረ፣ መኪናውን ለሚነዳው ሰውዬ የደረሰችው ጥቂት ዶላር ናት። ደላላ ለደላላ ሲቀባበል የምታውቁት ነገር ነው፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ኮመንት ደግሞ፦ "ዋናው ቶሎ ማንሳቱ ነው፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል።" አይደርስም ወንድሜ! ኦዲተር የሚመጣው ዓመታት ቆይቶ ነው። ከንቲባው ተቀይሯል፣ ቅርንጫፉ ተፈጭቶ አልቋል፣ ማንም አያስታውስም። ትኬት ከሌለ የተሰጠውን ገንዘብ መልስ ሊባል ይችላል። ለዚህ ነው እኔ ከከንቲባው ይልቅ ማማው ላይ ያለውን ሰው የማደንቀው። ከተማን ከኪሳራ የሚያድነው እሱ ነው።

ኮመንት ማንበብ ይብቃኝ፣ ደሜ ከፍ አለ።

ከንቲባው ዝም ብሎ ለፎቶ ነው ማለቴ ግን አይደለም። አንዳንዴ ውሳኔው ከባድ ነው፣ አንዳንዴም ይበላሻል። በ2006 የኒው ኦርሊንስ ከንቲባ ሬይ ኔገን በአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣናቸው ቼፍ ሜንተር የሚባል መድፊያ በከተማዋ ምሥራቅ እንዲከፈት አደረጉ። የተለመደው የቦታ ፈቃድ ሂደት ታለፈ። አጠገቡ የቬትናም ተወላጆች ሰፈር አለ። ሰዎቹ ገና ቤታቸውን እየጠገኑ ነው፤ በተመለሱ በወራት ውስጥ የከተማው ፍርስራሽ ጎረቤታቸው ሊሆን መጣ። ተቃወሙ። ሰልፍ ወጡ፣ መኪናዎቹን ለማስቆም መንገዱ ላይ ቆሙ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ መድፊያው ተዘጋ። ችኮላ ነበር፣ ይገባኛል፤ ግን ችኮላው ሁልጊዜ ወደ ድሀው ሰፈር ማጋደሉን ልብ በሉልኝ። ኔገንን ደግሞ ጊዜ ደረሰባቸው። በ2014 በጉቦና በመሳሰሉት ወንጀሎች ጥፋተኛ ተብለው አሥር ዓመት ተፈረደባቸው።

ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ያላችሁ ደግሞ፣ ሃሪኬን ሃርቪን ታስታውሱታላችሁ። 2017፣ የኦገስት መጨረሻ። ዝናቡ ቀናት ሙሉ አላባራ አለ። ሰዉ የረጠበውን ጂፕሰም እየገነጠለ፣ ፍራሹን እየጎተተ፣ በየበሩ ላይ ተራራ ሠራ። መኪናዎቹ መምጣት ጀመሩ። ከዚያ ሴፕቴምበር 10 ላይ ኢርማ የተባለችው ሌላ ሃሪኬን ፍሎሪዳን መታች። አሁን ሹፌሩን አስቡት። የራሱ መኪና ነው፣ የራሱ ናፍጣ ነው። ፍሎሪዳ የተሻለ ይከፍላል። ምን ይሠራል ሂዩስተን? የሂዩስተን ክምር ቆመ፣ ሻጋታው ቀጠለ፣ ሌላዋ የቴክሳስ ከተማ ሳን አንቶኒዮ የራሷን መኪናና ሠራተኛ ልካ አገዘች። ብልህ ከተማ የሃሪኬን ወቅት ጁን 1 ከመግባቱ በፊት ውሉን ተፈራርሞ ይጠብቃል። ግን በሰላሙ ቀን የተስማሙበት ዋጋ በጭንቁ ቀን ሹፌሩን ይዞ ላያቆይ ይችላል።

ለመጨረሻ፣ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝን ልመልስ። አሜሪካ ያላችሁና ሃሪኬን በሚደርስበት ስቴት የምትኖሩ፣ ይሄን ስሙኝ። ከምንም በፊት ፎቶ፣ ብዙ ፎቶ፤ ኢንሹራንሱ ይፈልገዋል። ክምሩን የመንገዱ ዳር ላይ አድርጉት፤ መኪናው በተለምዶ ግቢያችሁ አይገባም፣ ለግል ግቢ ሌላ ፈቃድና ፊርማ ያስፈልጋል። ከውሃ ቆጣሪው፣ ከእሳት አደጋ ቧንቧው፣ ከመብራት ምሰሶው አርቁት። ክሬኑ ጥፍሩን ሲያወርድ ቆጣሪና ቅርንጫፍ አይለይም። ከዛፍ በታች አትከምሩ፣ መኪና ከፊቱ አታቁሙ። ቅርንጫፍ ላይ የቤት ቆሻሻ ጣል አታድርጉ፤ አንድ ከረጢት የገባችበት ክምር ሳይነሳ ሊታለፍ ይችላል።

"የኔ ሰፈር አልፈውኝ ሄዱ" ለምትሉም፣ አንዴ አይደለም የሚመጡት። ይዞራሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይዞራሉ። ከተማው "የመጨረሻው ዙር በዚህ ቀን ይጀምራል" ብሎ ያስታውቃል። ከዚያ ቀን በኋላ ያወጣችሁት ክምር የእናንተ ነው፤ መኪና የምትከራዩትም እናንተ ናችሁ። ስለዚህ የከተማችሁን ገጽ አሁኑኑ ፎሎው አድርጉ። የኔን ካደረጋችሁ በኋላ ማለቴ ነው።

ቀጣዩ ቪዲዮ ስለ አሽቪል ነው፤ የሰሜን ካሮላይና ከተማ ናት። ከሄለን በኋላ ከተማዋ የሚጠጣ ውሃ ያገኘችው ኖቬምበር 18 ነው፤ ከሃምሳ ቀን በላይ። ቧንቧ ክፍት ነው፣ ውሃው ግን አይጠጣም። ለምን እንደሆነ የገመታችሁ ኮመንት ላይ ጻፉ፣ ግን በሰላም! ቻው።