ያቺ ፍላሽ

እሺ፣ ገባሁ። ማይኩ ሠርቷል መሰለኝ። ከኋላ አውራ ዶሮ ከሰማችሁ፣ አዎ፣ ያው እሱ ነው። ፋሲካንም ተርፏል።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ግን ማክሰኞ ማታ መልእክት መጣልኝ፤ ከማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ያኔ ጌም አብረን እንሠራ ከነበረው ልጅ። «ያቺ ፍላሽ አለች?» ይላል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ሦስት ቃል።

ቆይ፣ ከኢድ ልጀምር። የበዓሉ ኢድ አይደለም። ኢድ ሶፍትዌር፣ ዱም የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም የሠሩት። ልጆቹ ሽሬቭፖርት በምትባል የሉዊዚያና ከተማ ሶፍትዲስክ የሚባል ድርጅት ተቀጣሪ ነበሩ። ቤታቸው ደግሞ ሐይቅ ዳር። ሐይቅ ዳር እኮ ነው የምላችሁ! አርብ ማታ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተር መኪና ላይ ጭነው ወደ ሐይቁ ቤት፣ ሰኞ ጠዋት መልሰው ወደ ቦታው። እኛ መኪና ከየት አባታችን። የአለቃችን ኮምፒውተር በባጃጅ ነበር የሚመላለሰው። እኔ ሞኒተሩን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ በየጉብታው ልቤ እየወጣ።

እና በፈረንጆቹ መስከረም 1990 አንድ ሌሊት፣ ጆን ካርማክና ቶም ሆል ሱፐር ማሪዮ 3 የሚባለውን የኔንቲዶ ጌም የመጀመሪያ ደረጃ ፒሲ ላይ ሠሩት። ያኔ ፒሲ እንደ ኔንቲዶ የጌም ማሽን ስክሪኑን ሳይቆራረጥ ማንሸራተት ይከብደው ነበር። የካርማክ ዘዴ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ሙሉውን ስክሪን ደጋግሞ ከመሳል የተለወጠውን ቁራጭ ብቻ መሳል። ዲስኩን ለሥራ ባልደረባቸው ለጆን ሮሜሮ ጠረጴዛው ላይ ትተውለት ሄዱ። ሮሜሮ ጠዋት ከፈተው፤ አበቃ። ከዚያ ድርጅት እንደሚወጡ ያኔውኑ ገባው። በ1991 ኢድ ተመሠረተ።

ለእኔም ጠረጴዛዬ ላይ ፍላሽ ተትቶልኝ ነበር።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው። ሻዬ አልቀዘቀዘም። ሰካሁት። ጌማችን ተከፈተ፣ ስክሪኑ ላይ ጣና መጣ። ታንኳዋ ከደብረ ማርያም ተነስታ ወደ ክብራን ትሄዳለች። እንቦጩ ከጎን ይገፋል። ጉማሬው ብቅ ይልና ይሰምጣል። ልጁ ታንኳዋን ደግሞ እየቆየች እንድትከብድ አድርጓታል። ደንገል ውሃ ይጠጣል እኮ፤ ዳር አውጥተህ ካላደረቅከው አለቀልህ። ይህን ለማየት ስንት ቀን ሐይቁ ዳር እንደዋለ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ያኔ ሥራ ፈት ብዬው ነበር። እና ውሃው... አይቆራረጥም። ሦስት ወር ሙሉ ስታክ ሲያደርግብን የነበረው ውሃ! በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር!

ልጁ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል። «እንዴት ነው?» አለኝ።

«አሪፍ ነው፣ ማታ እናየዋለን።»

ዘጋሁት። የሰርግ ቪዲዮ ነበረብኝ፤ የሙሽራው አጎት በየሰዓቱ ይደውላል። አሪፍ ነው። ጫማ ነው እንዴ?

«እሺ» አለኝ። ወዲያው አልሄደም፣ ትንሽ ቆመ መሰለኝ። ወይ ይህን አሁን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ደጋግሜ ሳየው የቱ የሆነ፣ የቱ የኔ እንደሆነ ተምታታብኝ። ማታ ግን አላየነውም። ያ እርግጥ ነው።

ደግሞ ሌላውን እዩት። ያን ሌሊት አብሮ ያደረው ቶም ሆል በ1993 ዱም ሳያልቅ ወጣ። ሮሜሮም በ1996፣ ኩዌክ የሚባለው ሌላው ጌማቸው በወጣበት ዓመት፣ ተለያቸው። ስለዚህ ያን ጠዋት ብጮህለትም፣ ባቅፈውም፣ መበተናችን አይቀርም ነበር ማለት ነው... አይ። ራሴን እያባበልኩ ነው። እነሱ እኮ ዱምን ሠርተው ነው የተለያዩት። እኛ አልተጣላንም እንኳ።

ፍላሿ አለች። ይኸው፣ እጄ ላይ ናት። ግን ያን ዕለት ከሰዓት ለሙሽራው አጎት ቪዲዮውን የሰጠሁት በሷ ነው። ቦታ አልበቃ ሲለኝ... ፎርማት አደረግኋት።

እና «አለች» ብዬ ብመልስለት ውሸት ነው? ሁለቴ ጽፌ አጥፍቻለሁ። አለቃችን ያን ኮምፒውተር ካልሸጠው ምናልባት እዚያ ቅጂ ይኖራል። ቅዳሜ ሄጄ... ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ። እሁድ እንግዲህ፣ እሁድ... ቆይ፣ ዶሮው ጀመረ።