አክስት ሲገቡ ልጅ ይወጣል

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ ማለዳ። ጋቢ የደረቡ ሰዎች ያልፋሉ። ሦስት ተማሪዎች አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰዋል።]

ተራኪ፦ የደብረ ብርሃን ማለዳ ጣት ያደነዝዛል። እነዚህ ልጆች ግን ጣታቸውን ለብርዱ ሰጥተው ቲክቶክ ያያሉ። ፌስቡክስ? እሱ የወላጆቻቸው ሰፈር ሆኗል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የባለሀብቱ የሩፐርት መርዶክ የሚዲያ ኩባንያ ኒውስ ኮርፕ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ከፌስቡክ በፊት ወጣቶች ይሰበሰቡበት የነበረውን ድረ ገጽ ማይስፔስን በ580 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2011 ሲሸጠው ያገኘው 35 ሚሊዮን ያህል ነበር። ፌስቡክም በአሜሪካ ታዳጊዎች ዘንድ ከ2015 እስከ 2022 ድረስ ከ71 በመቶ ወደ 32 በመቶ መውረዱን ፒው የተሰኘው የጥናት ማዕከል መዝግቧል።

[ምስል፦ የገበያ ሜዳ፣ ሰውና አህያ ተደባልቆ።]

ታዳጊ ወረተኛ ስለሆነ ነው ይባላል። አልስማማም። ገበያተኛን አስቡ፤ ከተጉለት ሜዳ ተነሥቶ የሚመጣው ሌላውም ስለሚመጣ ነው። ሻጩ ሲቀር ገዢው ይቀራል፣ ሜዳው ባዶውን ያድራል። ልጆችም እንዲሁ በቡድን ገብተው በቡድን ይወጣሉ። ታማኝነታቸው ለጓደኛ ነው፤ ድረ ገጹ ሜዳ ብቻ ነው።

ደግሞም የራሳቸው ጥግ ይፈልጋሉ። አንዲት ተማሪ ፎቶ ስትለጥፍ አክስቷ ከአንኮበር «ነጠላሽ የት አለ?» ብለው ከጻፉላት፣ ቀጣዩን ፎቶ እዚያ አትለጥፍም። አክስት ክፉ ሆነው አይደለም፤ እኛም በልጅነታችን ከጓሮ የምንጫወተው ከትልቅ ሰው ዓይን ለመራቅ ነበር።

ፌስቡክ ይህ ገብቶታል። ልጆቹ ሳይሸሹ በፊት ሊሄዱበት የሚችሉትን ገዛ፦ ኢንስታግራምን በ2012፣ በ1 ቢሊዮን ዶላር። ፎቶ መላላኪያው ስናፕቻት አልሸጥም ሲለው ደግሞ በ24 ሰዓት የሚጠፋውን «ስቶሪ» በ2016 ቀድቶ ኢንስታግራም ላይ አኖረው። ስለዚህ ልጁ ቤት ይቀይራል እንጂ ብዙ ጊዜ አከራዩን አይቀይርም።

ቲክቶክ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ጓደኛ ባይኖርህም የትኛው ቪዲዮ ላይ እንደቆየህ እየቆጠረ የማታውቀውን ሰው ያቀርብልሃል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፤ ጓደኛ «ደህና እደር» ብሎ ይለይሃል፣ ይህ ግን አይሰናበትም። ቢሆንም የማያውቁትን ሰው ሌላ ድረ ገጽም ማቅረብ ይችላልና ዘላቂ ማሰሪያ አይመስለኝም።

[ምስል፦ የጥምቀት ፎቶዎች በስልክ ላይ።]

ማይስፔስ በ2019 ሰዎች ለዓመታት የጫኑት ሙዚቃና ፎቶ መጥፋቱን አምኗል፤ ፋይሎቹን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውር ነው የጠፋው። የጥምቀት ፎቶ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ወደ ሚሞሪ ካርድ ገልብጡት።