ኔትወርኩ ሲጠፋ በየት ይገባል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ኮንሶል ሰርቨር ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ከሩቅ ሆነን ወደ መሣሪያዎቹ በጎን በር የሚያስገባን ሳጥን ነው። አውቃለሁ፣ ለቡና ሰዓት የሚመች ወሬ አይደለም። እስቲ ትንሽ ታገሱኝ።

ቅርንጫፍ ሄዶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው በዚህ ከተማ ያለ አይመስለኝም። እኔ ከዚያ ቃል ጀርባ ከሚቀመጡት አንዱ ነኝ። ሥራዬ የቅርንጫፎችን ራውተርና ስዊች፣ ማለትም ኔትወርኩን የሚያገናኙትን መሣሪያዎች፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሆኜ መከታተል ነው። መከራው ምን መሰላችሁ? ራውተሩ ጋ የምደርሰው በዚያው ራውተር በሚያልፈው መስመር ነው። መስመሩ ሲቋረጥ እኔም አብሬ እቋረጣለሁ። ልክ እርዳታ በሚፈልግበት ሰዓት ላየው አልችልም።

ድሮ ያለን ስልክ ብቻ ነበር። ድሮ ስል በጣም ሩቅ አይደለም። ቅርንጫፉ ካልተከፈተ የሚያነሳው ጥበቃው ነው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ሳጥኑን ይክፈቱልኝና መብራቶቹን ይንገሩኝ።»
«የትኛውን ልጄ? ሁሉም ይበራል።»
«ከላይ ያለውን። አረንጓዴ ነው ወይስ ብርቱካናማ?»
«እኔ እንጃ ልጄ፣ መነጽሬን አልያዝኩም።»

ተሳክቶ ያውቃል፤ ውሸት አልናገርም። «አጥፍተው ያብሩት» የሚለው መድኃኒት ብዙ ቅርንጫፍ አድኗል። ራውተሩ ተነስቶ ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረ ግን መብራት ምንም አይነግርም። ባለሙያ ላፕቶፕ ይዞ መኪና መሳፈር ነበረበት።

በራውተሩ ላይ ያለው ኮንሶል የሚባለው የገመድ ቀዳዳ የተሠራው ለዚህ ነው። አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርክ ላይ የመሣሪያ መለያ ቁጥር፣ አይፈልግም፤ ኔትወርክ አይፈልግም። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ የሚሠራበት ደንብ አርኤስ 232 ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1960 የወጣ ነው። የተለመደው ፍጥነት በሰከንድ 9600 ቢት ነው። አንድ ስክሪን ጽሑፍ ለመሙላት ሁለት ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚህ ዘመን ይሄ ቀልድ ይመስላል። ግን ራውተሩ ገና ሲነሳ፣ ሶፍትዌሩ ሳይጫን፣ መናገር የሚጀምረው በዚያ ቀዳዳ ነው። ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ አልነሳም ሲልም ምክንያቱን የሚጽፈው እዚያው ነው።

ኮንሶል ሰርቨር ደግሞ 8፣ 16 ወይም 48 ቀዳዳ ያለው ሳጥን ነው። ከእያንዳንዱ መሣሪያ ኮንሶል ላይ ገመድ ይመጣለታል። እሱ ራሱ በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በፎርጂ ሲም ካርድ፣ ከውጭ ይገኛል። እኔ ኤስኤስኤች በሚባለው ከርቀት የመግቢያ ዘዴ እገባለሁ፣ የቀዳዳውን ቁጥር እመርጣለሁ፣ መሣሪያው ፊት ላፕቶፕ ይዤ የተቀመጥኩ ያህል ይሆናል። ከሁሉ የምወድለት ደግሞ የሚመጣውን ጽሑፍ ሁሉ መመዝገቡን ነው። ራውተር ሌሊት ወድቆ ራሱን ቢያስነሳ የራሱ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል። ኮንሶል ሰርቨሩ ግን ኑዛዜውን ይዞ ይጠብቀኛል።

እዚህ ላይ ብናቆም ሳጥኑን ገዝተን በተገላገልን ነበር። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነገር ነው፦ ይሄ ሁለተኛ መንገድ ራሱ የቆመው በምን ላይ ነው?

መስከረም 24 ቀን 2014፣ ሰኞ ምሽት፣ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ባንድ ላይ ሲጠፉ ታስታውሳላችሁ። ስድስት ሰዓት ገደማ ቆየ። ኩባንያው ራሱ በኋላ እንዳስረዳው፣ በመደበኛ ጥገና ላይ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የዳታ ማዕከሎቻቸውን የሚያገናኘውን ዋና ኔትወርክ ሙሉ በሙሉ አቋረጠው። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ማስቆም የነበረበት መሣሪያም ስህተት ነበረበት። ለእንዲህ ያለ ቀን የተዘጋጀው የጎን ኔትወርክስ? እሱም አብሮ ወደቀ። ባለሙያዎች በአካል ተላኩ። ዳታ ማዕከሉ ደግሞ ሰው በቀላሉ እንዳይገባበት ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ ገብቶ መሣሪያው ጋ መድረሱ ራሱ ጊዜ ወሰደ።

የካናዳው የስልክና ኢንተርኔት ኩባንያ ሮጀርስ ይብሳል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞቹ አገልግሎት አጡ። መሣሪያዎቹን የሚያስተዳድርበት ኔትወርክ የተዘረጋው በዚያው በወደቀው ዋና ኔትወርክ ላይ ነበር። ሠራተኞቹ የያዙት ስልክም የሮጀርስ ነው። ስለዚህ እርስ በርስ እንኳ መደዋወል ከበዳቸው፤ የተፎካካሪ ሲም ካርድ ወደየጣቢያው መላክ ነበረበት። የችግሩን ምንጭ ለይተው ለማወቅ 14 ሰዓት ፈጀባቸው። የራስህ ኔትወርክ ወድቆ፣ ለመደወል የባላንጣህን ሲም ስትፈልግ!

ታዲያ እነሱ ላይ መሳቅ አልችልም። እኛ አገር ሳፋሪኮም በ2015 መስከረም መጨረሻ በይፋ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ቴሌ አንድ ብቻ ነበር። ዋናው ፋይበርም የመጠባበቂያው ሲምም ካንድ ቤት ይመጡ ነበር። ዛሬ ሁለት አለ፣ ተመስገን። ግን አንዱ ኦፕሬተር የሌላውን ማማ የሚከራይበት ቦታ አለ። ሁለት ስም ስላየሁ ብቻ ሁለት መንገድ አለኝ አልልም። የመብራቱ ነገር ደግሞ ግልጽ ነው። ራውተሩና ኮንሶል ሰርቨሩ መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆይ ባንድ ዩፒኤስ ላይ ከተሰኩ ባንድነት ይጠፋሉ።

ሰው የሚረሳው ሌላው የይለፍ ቃል ነው። ብዙ ቤት ውስጥ የመግቢያ ፈቃድ የሚሰጠው ዋናው መሥሪያ ቤት ያለ ሰርቨር ነው። ኔትወርኩ ከሌለ ሰርቨሩም የለም። ስለዚህ በመሣሪያው ላይ የተቀመጠ የግል መግቢያ ያስፈልጋል። የእሱ የይለፍ ቃል ደግሞ ከተቋረጠው ኔትወርክ ማዶ ባለ ፋይል ውስጥ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? እኔ የወረቀትና የካዝና ደጋፊ ነኝ። ወጣት ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

የኮንሶል በር አደገኛም ነው። አንዱ ገብቶ ሳይወጣ ገመዱን ቢነቅል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው በተከፈተ በር ዘው ይላል። ሥራ ሲቆም ራሱ እንዲዘጋ ማድረግ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው።

አሁን እሑድ እሑድ፣ አስፈቅደን፣ አንድ ቅርንጫፍ መርጠን ፋይበሩን እንነቅላለን። መግቢያውን የምሞክረው ከቤቴ ነው፣ በሌላ ኦፕሬተር ዳታ። ከቢሮ ሆኖ መሞከር ራስን ማታለል ነው፤ ቢሮው ራሱ ኔትወርኩ ላይ ነዋ! በዚህ መንገድ ብዙ ጉድ አይተናል። በጣም የገረመኝ ሳጥኑ ደህና፣ ገመዱ ደህና፣ ሲሙ ግን ካርድ ሳይሞላበት ቆይቶ የተዘጋበት ቅርንጫፍ ነው። ፋይናንስ ክፍል «ማንም ለማይደውልበት ቁጥር ለምን እንከፍላለን?» ብሎ ሰርዞታል። ጥያቄያቸው እውነት አለው፤ ማንም አይደውልበትም። ለአዲሱ በጀት የሁሉንም ቅርንጫፍ ሲሞች ዝርዝር ይዤላቸው ልገባ ነው። ሰኞ ቀጠሮ አለን።