እማዬና የበሩ ቁጥር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬም ከሐዋሳ ነኝ። የምቀዳው አሮጌ ገበያ አካባቢ ስለሆነ የባጃጅ ድምፅ ቢገባባችሁ አትቀየሙኝ።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለች። የምትኖረው አሜሪካ ናሽቪል ነው፣ ቴነሲ ውስጥ። ድምፅዋ ደስ ብሎታል። «ከእኛ ከተማ እኮ አሁን ደብሊን ድረስ ቀጥታ በረራ አለ» አለችኝ። ለንደንማ በፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ ነበረ። የአየርላንዷ ደብሊን ደግሞ በ2025 ሚያዝያ ላይ ተጀመረ። በወሩ ሌላዋ የአሜሪካ ከተማ ኢንዲያናፖሊስም ከደብሊን ጋር ተገናኘች። ኒው ዮርክና ቺካጎ ሳይደርሱ፣ ሌላ አውሮፕላን ሳይቀይሩ፣ ከሰፈር ኤርፖርት ተነስቶ ውቅያኖሱን መሻገር ማለት ነው።

እኔ ሐዋሳ ቁጭ ብዬ ይህ ለምን እንዲህ እንዳስደሰተኝ አሰብኩት። ምክንያቱ እማዬ ናት።

ከሁለት ዓመት በፊት እህቴ ልትወልድ ስትል እማዬ ልታርሳት ሄደች። ከሐዋሳ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፣ ከዋሽንግተን ናሽቪል። እንግሊዝኛ አትችልም። ብቻዋን ነው የሄደችው። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። አንዱ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገንፎ እህልና ቡላ ብቻ ነው።

አንድ ወረቀት ጻፍኩላት። ላዩ ላይ በአማርኛ፣ ሥሩ በእንግሊዝኛ። ሦስት መስመር ናት። ስሟ፣ «ወደ ናሽቪል እሄዳለሁ» የሚል፣ ከዚያ «እባክዎን በር ሲ 7 የቱ እንደሆነ ያሳዩኝ» የሚል። የበሩን ቁጥር እህቴ ከኢንተርኔት አይታ ነው የነገረችኝ። እማዬ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት።

የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ደረሰች። እዚህ ላይ የማላውቀው ነገር ነበር። አሜሪካ ስትገቡ ሻንጣችሁ እስከ መጨረሻው ከተማ ታግ ቢደረግም፣ መጀመሪያ ያረፋችሁበት ኤርፖርት ላይ ራሳችሁ አንስታችሁ፣ በጉምሩክ አሳልፋችሁ፣ መልሳችሁ ማስረከብ አለባችሁ። እኔም አልነገርኳት፣ እሷም ከየት ታውቃለች? ሻንጣዋን ትታ ወጣች። ወረቀቷን እያሳየች፣ ሰው በእጁ እየጠቆማት፣ ሲ 7 ደረሰችና ተቀመጠች።

በሩ ግን ተቀይሯል። በድምፅ ማጉያ ተናግረዋል፤ በእንግሊዝኛ ነው። እማዬ ወረቀቷ ላይ ሲ 7 ስለሚል ሲ 7 ሆና ጠበቀች። ሁለት ሰዓት ተኩል። ውኃ እንኳን ልግዛ ብላ አልተነሳችም፣ ቦታው ይጠፋብኛል ብላ።

ያገኛት ዊልቸር የሚገፋ የእኛ አገር ልጅ ነው። ነጠላዋን አይቶ መጣ። «እማማ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?» አላት። እማዬ ይህንን ስትነግረን ሁልጊዜ እዚህ ጋ ስትደርስ ዝም ትላለች። አውሮፕላኑ ሄዷል። ልጁ ግን አልተዋትም። ወደ ማታው በረራ አስቀየረላት፣ በራሱ ስልክ ለእህቴ ደወለላት፣ ሻይ ገዛላት። የዚያ ልጅ ስም አልያዘችም። አሁንም ስትጸልይ «ያ ልጅ» እያለች ታነሳዋለች። ሻንጣዎቹ በአራተኛው ቀን ደረሱ። በርበሬው አልጠፋም።

ሐዋሳ ስትመለስ ስለ መንገዱ ርዝመት ምንም አላለችም። መቀመጥ አያስፈራትም፤ ድሮ ከሐዋሳ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣለች። የሚያስፈራት መቀየሪያው ነው። በእሷ አቆጣጠር መንገድ የሚረዝመው ሰው መጠየቅ ባለብሽ ቁጥር ነው።

ለዚህ ነው የትንንሾቹ ኤርፖርቶች ዜና ልቤን የነካው። እንዴት ተቻለ ብዬ ትንሽ ሳነብ ከረምኩ። ድሮ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ውቅያኖስ ላይ እንደ ልቡ አይሄድም ነበር። አንዱ ሞተር ቢጠፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ እንዲኖር ይጠየቅ ነበር። በፈረንጆቹ 1985 ሕጉ ሲላላ ባለሁለት ሞተሮቹ አትላንቲክን መሻገር ጀመሩ። ቀጥሎ ደግሞ አውሮፕላኑ ራሱ አነሰ። የናሽቪሉ በረራ የተጀመረው መሃሉ ላይ አንድ መተላለፊያ ብቻ ባለው ኤርባስ ነው፣ ኤ321 ኤክስኤልአር ይባላል። 184 ወንበር ብቻ ይዞ 8,700 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ይችላል። ሦስት መቶ ወንበር በየጊዜው መሙላት ለመካከለኛ ከተማ ከባድ ነው። 184 ግን ይሞከራል።

እዚህ ላይ ስደርስ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። ከዚህ በፊት የሞከረ ነበር። ኖርዌጂያን የሚባለው አየር መንገድ በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ እንደ ሻነንና ኮርክ ካሉ የአየርላንድ ከተሞች፣ ከኒው ዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ስቱዋርት፣ ወደ ፕሮቪደንስም፣ ትንንሽ ኤርፖርቶችን በርካሽ ያገናኝ ነበር። የያዘው አዲሱን ቦይንግ 737 ማክስ ነው። በፈረንጆቹ መስከረም 2019 ከአየርላንድ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚያደርገውን በረራ በሙሉ አቆመ። አንዱ ትልቅ ምክንያት ማክስ በዓለም ዙሪያ ከበረራ መታገዱ ነው።

ለምን እንደታገደ እናንተም ታውቃላችሁ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሁድ ጠዋት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስ ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃው ጊምቢቹ ወረዳ፣ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው። ከዚያ አራት ወር ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ላይ የዚያው ዓይነት አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ወድቆ ነበር። ያን ቀን ሐዋሳ ቤታችን ሬዲዮ ተከፍቶ፣ ቡናው ቀርቦ፣ ማንም ስኒ አላነሳም። የአየርላንዷ ኮርክና የእኛ ጊምቢቹ በአንድ ታሪክ ውስጥ ይገናኛሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። እነዚያን ሰዎች ነፍስ ይማር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። እማዬ ስትሄድ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሞልቷል። ስትመለስ ግን ከዋሽንግተን ቀጥታ ቦሌ። ያው መንገድ አይደል? ዋናው ልዩነት ከፍታው ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ነው። ክንፉን የሚደግፈው አየር ያንሳል፣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ለሩቅ መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ሰው ጭኖ መነሳት ያቅተዋል። ቀለል ብሎ ይነሳና በየጊዜው እንደነበረው ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ አርፎ ይሞላል። ደለስ ግን መቶ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ለመንገዱ የሚበቃ ነዳጅና ሰው ጭኖ ይነሳል።

ይህንን ለጓደኛዬ ስነግረው «እንግዲያው ከሐዋሳ ይነሳ!» አለኝ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከቦሌ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ሐሳቡን ወደድኩት። ግን ሒሳቡን እንሥራው። የናሽቪሉን ልክ ብንወስድ እንኳን፣ በሳምንት አራት ጊዜ፣ 184 ሰው፣ 736 ወንበር በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ናሽቪልም ደብሊንም ይህንን የሚሞሉት ከሁለቱም ወገን ተጓዥ ስላላቸው ነው። እኛ ገና ነን። ልጆቻችን አሜሪካ ስላሉ ብቻ አውሮፕላን አይሞላም። ደግሞ የእህቴ የደብሊን መንገድ ለእማዬ እንዲህ ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ለማለፍ ብቻ ቪዛ የሚጠይቅ አገር አለ። መንገዱ ለእህቴ አጠረ፣ ለእማዬ ግን ሌላ መቀየሪያ ተጨመረ ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ ከሐዋሳ ዋሽንግተን ቀጥታ በረራ ዛሬ አልጠይቅም። የምጠይቀው ሌላ ነው። አንዲት እናት ሐዋሳ ላይ ስትነሳ የሚገጥማትን ሁሉ በራሷ ቋንቋ፣ በአማርኛም በሲዳምኛም፣ ቁጭ አድርጎ የሚነግራት ሰው ይኑር። ሻንጣሽን የት ታነሺያለሽ፣ የት ታስረክቢያለሽ፣ በሩ ቢቀየር ስክሪኑ ላይ ምን ታያለሽ። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ዊልቸር ትኬቱ ሲቆረጥ ማዘዝ እንደሚቻልም ይነገራት። መራመድ የምትችልም ብትሆን መንገድ የሚመራት ሰው ታገኛለች። እኛ ይህንን ያወቅነው ከሄደች በኋላ ነው። እናታችሁን የምትልኩ ካላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ።

ዘንድሮ ልትሄድ ነው። ሁለተኛ ልጅ እየመጣ ነው። ዊልቸሩን አስመዝግበናል። ትናንት ማታ ያችን ወረቀት ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አውጥታ ሰጠችኝ፣ እጥፋቷ ላይ ተቀዷል። «አዲስ ጻፍልኝ» አለች። ተቀመጥኩ። ስሟን ጻፍኩ፣ ናሽቪልን ጻፍኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ እጄን ያዘችኝ።

«የበሩን ቁጥር ባዶ ተወው፣ እዚያው ጠይቄ አስሞላዋለሁ» አለችኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።