አያ በእናቴ ተዝካር የጠየቁኝ

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ክፍል የግሸኑን ጉዞ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፤ ዛሬ ግን አልቀጥለውም። ከእናቴ የአርባ ቀን ተዝካር ወዲህ አንድ ነገር ልቤን ይዞኛልና እሱን ሳልናገር ወደ ሌላ ማለፍ አልቻልሁም። አያን ታውቋቸዋላችሁ። «አያ ዛሬስ በረካውን ጠጡ ወይ?» እያላችሁ የምትልኩልኝን ሁሉ አነብላቸዋለሁና፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም መሆናቸውን፣ እሷ ስታገባ ክርስትና ስትነሣ እሳቸው በእስልምናቸው መጽናታቸውን እንደገና ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የዚያን ዕለት ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐቱን አድርሰው ወደ ዳሱ ሲገቡ፣ አብሯቸው የመጣ አንድ ሰባኪ ተነሥቶ ስለ ድኅነት አስተማረ። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ቁጥር 5ን ጠቅሶ፣ ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ በቀር ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ እንደማይችል ተናገረ። ይህ ቤተ ክርስቲያናችን የምታስተምረው፣ እኔም የምቀበለው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያልተጠመቁትን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ለገሃነመ እሳት ሰጣቸው። ይህን ሲል በዳሱ ግራ በኩል ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ተቀምጠው ነበር፤ በሙስሊም እጅ የታረደው ሥጋም ለእነሱ ለብቻው እየተዘጋጀ ነበር። መቃብሩን ሲቆፍሩ ከዋሉት መካከል ብዙዎቹ እነዚያው ሰዎች ናቸው።

ትምህርቱ እንዳለቀ አያ ማንቆርቆሪያውንና ሳህኑን ይዘው ተነሡ። ማስታጠብ የልጆች ሥራ ነው፤ እሳቸው ግን «የእህቴ ቀን ነው» ብለው ልጆቹን ከለከሉ። ከሰባኪው ጀመሩ። የቀኝ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው ትንሽ ጎንበስ አሉ፤ ውኃውን በቀስታ አወረዱለት፤ እሱ እጁን ሲያሽ ቆም አደረጉ፤ ሳሙናው እስኪለቅቅ ደግመው አፈሰሱለት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላቸው። «አሚን» አሉት፤ ወደሚቀጥለው ቄስ አለፉ። ፊታቸውን እየተከታተልሁ ነበር፤ የተቀየረ ነገር አላየሁበትም። ስብከቱን ሰምተው እንደሆነ እንኳ ተጠራጥሬ ነበር።

ሰምተዋል። ሰዉ ከተበተነ በኋላ፣ ቡናው በረካ ሲደርስ፣ «እንግዲህ እህቴን እዚያ አላገኛትም ማለት ነው?» አሉኝ። ድምፃቸው ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሣ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። «አላህ ያውቃል፣ አያ» አልኋቸው። «እሱማ ያውቃል። አንቺስ?» አሉና ሲኒያቸውን አነሡ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም።

ልመልስላቸው የምችለውን በልቤ ስደረድር ሰንብቻለሁ። ከአዳም ጀምሮ 5500 ዘመን ጻድቁም ኃጥኡም ወደ ሲኦል ይወርድ እንደነበር፣ ጌታም በመስቀል ላይ ነፍሱ ከሥጋው ስትለይ በአካለ ነፍስ ወደ ሲኦል ወርዶ በዚያ ላሉት ነጻነትን እንደሰበከ ተምረናል። በትንሣኤ ሌሊት ካህኑ «አሰሮ ለሰይጣን» ሲሉ እኛ «አግአዞ ለአዳም» ብለን የምንመልሰው ይህንኑ ነው። በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ በየትኛው ውኃ ተጠመቀ? በማቴዎስ 25 ንጉሡ በቀኙ የቆሙትን የሚመሰክርላቸው «ተጠምቼ አጠጥታችሁኛል» ብሎ ነው፤ እሳቱንም የተዘጋጀው ለሰይጣንና ለመላእክቱ መሆኑን ይናገራል። የካቲት 16 ቀን የምንሰማው የበላዔ ሰብ ታሪክ ደግሞ አለ። 78 ነፍስ የበላው ያ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ድውይ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ተማረ። አያ በዚያን ቀን ያፈሰሱትን ውኃ አስቡት። እርግጥ ነው፣ በላዔ ሰብ የተጠመቀ ነበር ይሉኛል፤ አውቃለሁ።

ነገር ግን በወሎ ምድር ቆሞ ስለ ጥምቀት የሚናገር ሰው ቦሩ ሜዳን ማስታወስ አለበት ብዬ አምናለሁ። በ1870 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ ብዙ በማይርቀው በዚያ ሜዳ ጉባኤ ሰብስበው የተዋሕዶን ትምህርት ካጸኑ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉት፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት በዚያ ዘመን ነው። ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረ፣ አገሩን ጥሎ የተሰደደም ብዙ ነበር። በግድ የፈሰሰው ያ ውኃ ወደ መንግሥቱ ያስገባ ነበርን? በፈቃዱ እጅ የሚያስታጥበውስ ሰው… ይህን ሐሳብ ስጀምረው መጨረስ ያቅተኛል።

ደግሞ ሌላውን ልንገራችሁ። ማር ይስሐቅ፣ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሶርያዊ አባት፣ በገሃነም ያሉት የሚገረፉት በፍቅር ጅራፍ እንደሆነ ያስተምራል። የእግዚአብሔር ፍቅር ከማንም አይርቅም፤ የበደሉትን የሚያቃጥላቸው ያው ፍቅር ነው ማለቱ ነው። መጀመሪያ ሳነበው አጽናናኝ። ኋላ ግን ከእሳቱ ይልቅ ይህኛው አስፈራኝ፤ በዚያ ፍቅር ፊት እኔ ራሴ ምን እሆናለሁ?

እግዚአብሔር ሰዎች ሁሉ ሊድኑ እንደሚወድ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል፤ እኔም ሁሉም ይዳን እላለሁ። ነገር ግን ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴ ሲገባ ስለሆነው ነገር ሳስብ፣ ልጇ ከበር ላይ ተወስዶ የተገደለባትን ጎረቤታችንን ሳስብ፣ እሳቱ እንዲኖር እፈልጋለሁ። በእውነት እፈልገዋለሁ። ለአያ የምለምነውን ምሕረት ለዚያ ገዳይ ልለምንለት አፌ አይታዘዝልኝም። እንግዲህ የእግዚአብሔርን ፍቅር ልክ የምቆርጠው እኔ ከሆንሁ፣ ያን ሰባኪ በምን እወቅሰዋለሁ? ልዩነታችን ከውጭ የምናስቀረው ሰው ማንነት ብቻ ይሆናል። ይህን ስል እንኳ ሁለቱ አንድ ናቸው ለማለት ልቤ አይፈቅድም፤ ሰው መግደልና እናት አባት ባወረሱት ሃይማኖት ጸንቶ መኖር እንዴት በአንድ እሳት ይቀጣሉ?

የእናቴ ሰማንያ ቀን እየቀረበ ስለሆነ ስለ ፍትሐቱ ልነጋገር ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ነበር፤ የአያን ነገርም አነሣሁላቸው። «ጸልዪላቸው እንጂ ማን ከለከለሽ? ፍርዱ የአንቺም የእኔም አይደለም» አሉኝ። በዚያች ሰዓት ልቤ አረፈ። ቤቴ ስደርስ ግን አያ ጸልዪልኝ እንዳላሉኝ ታወቀኝ። የጠየቁኝ ስለ እናቴ ነው፤ እሷ ባለችበት ቦታ እሳቸው መድረሻ አላቸው ወይ ነው ያሉኝ። ወይም ወደዚያ የወሰድሁት እኔ እሆናለሁ። ጥያቄውን ራሴ ደግሜ ባነሣባቸው፣ እህታቸውን አጥተው ባዘኑበት ሰዓት ሃይማኖታቸውን ላስለውጣቸው የፈለግሁ መስሎ ይታያቸዋል ብዬ እፈራለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ዝምታዬን ለሰባኪው ቃል እንደ መስማማት ይቆጥሩት ይሆን እላለሁ፤ ምናልባት እሳቸው ረስተውት ይሆናል፣ እኔ ግን…